ማርሴይ ለምትሄዱ፦ ስለት፣ ነፋስና የሽምብራ ጥብስ

ስለ ፈረንሳይዋ የወደብ ከተማ ስለ ማርሴይ የላካችሁልኝ ጥያቄዎች ተጠራቅመውብኛል። የአውሮፓ በጋ ሲቃረብ ሁሌም እንዲህ ነው። ዛሬ ስድስቱን ልመልስ። ዓመተ ምሕረቱም ወሩም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

«ፓሪስ እህቴ ጋ እሄዳለሁ። ማርሴይን በአንድ ቀን አይቼ መመለስ እችላለሁ?» (ከፍራንክፈርት)

መቻሉንስ ትችላለህ። ፈጣኑ ባቡር ከፓሪስ ሦስት ሰዓት ከምናምን ይፈጃል። ደርሶ መልሱ ግን ቀንህን ይበላዋል፤ የተረፈችህም ሰዓት ስልክህ ላይ ካርታ ስታይ ታልፋለች። እኔ ብሆን ሁለት ሌሊት አድራለሁ።

ሳን ሻርል ጣቢያ ስትወርድ ታክሲ ለመያዝ አትቸኩል። ጣቢያው ኮረብታ ላይ ነው፤ ከፊቱ 104 ደረጃ ያለው ትልቅ መውረጃ አለ። አናቱ ላይ ትንሽ ቁም። ከተማዋ ከእግርህ ሥር ናት፤ ማዶ ኮረብታው ላይ በወርቅ የተለበጠ የማርያም ሐውልት ያበራል። ከዚያ ቁልቁል በእግርህ ሩብ ሰዓት ብትሄድ አሮጌው ወደብ ነህ። ጠዋት ከደረስክ ዓሣ አጥማጆቹ ያመጡትን እዚያው ውኃው ዳር ዘርግተው ሲሸጡ ታያለህ። አንዳንዱ ዓሣ ገና ይፈራገጣል። አጠገቡ በ2013 የተተከለ፣ ሆዱ እንደ መስታወት የሚያበራ ትልቅ ዳስ አለ። ቀና ስትል ራስህን ተዘቅዝቀህ ታገኘዋለህ። ትልቅ ሰው ሁሉ እዚያ ሲደርስ ሕፃን ይሆናል።

«እናቴን ይዣት ልሄድ ነው። ጉልበቷን ያማታል። ምን ላሳያት?» (ከስቶክሆልም)

ከጣቢያው የምትታየውን ያቺኑ ኮረብታ። ቤተ ክርስቲያኗ ኖትር ዳም ዴ ላ ጋርድ ትባላለች፤ የተባረከችው በ1864 ነው። የማርሴይ ሰው ግን «ላ ቦን ሜር» ነው የሚላት፣ ደጓ እናት እንደማለት። 60 ቁጥር አውቶቡስ ከአሮጌው ወደብ ተነሥቶ ላይ ድረስ ያወጣችኋል። ከዚያ የሚቀረውን ደረጃ ቀስ እያላችሁ ውጡ።

ውስጥ ስትገቡ ጣሪያውን አሳዪያት። ትናንሽ የመርከብ ምስሎች በገመድ ተንጠልጥለዋል። ግድግዳው ደግሞ ማዕበል ውስጥ በገቡ ጀልባዎች ሥዕልና ምስጋና በተቀረጸባቸው የእብነ በረድ ሰሌዳዎች ተሞልቷል። ፈረንሳዮቹ «ኤክስ ቮቶ» ይሉታል። እናትሽ ማብራሪያ አያስፈልጋትም፤ ስለት ነው። የእኛ ሰው ጃንጥላ ያገባል፣ የእነሱ መርከበኛ መርከብ። ስትወጡ የውጭውን ግድግዳም ልብ በሉ፤ ነሐሴ 1944 ከተማዋ ከጀርመኖች ነጻ ስትወጣ የቀረ የጥይት ጠባሳ አለበት።

«ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ የሞተው ማርሴይ ነው ይባላል። የሚታይ ነገር አለ?» (ከድሬዳዋ)

ለዓይን ብዙ የለም። እኔ ግን ሄጃለሁ፤ ብሄድም አይቆጨኝም።

ሰውየው ግጥሙን ገና በወጣትነቱ እርግፍ አድርጎ ትቶ በ1880 መጨረሻ ሐረር ገባ። ቡናና ቆዳ ነገደ። በ1887 ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ አምጥቶ እንዳሰበው ሳያተርፍ ቀረ። በ1891 ቀኝ ጉልበቱ አበጠ። መራመድ ሲያቅተው 16 ተሸካሚ ቀጥሮ በቃሬዛ ከሐረር እስከ ዘይላ ወረደ። ከዚያ በየመኗ ወደብ በኤደን በኩል ማርሴይ ደረሰ። ግንቦት ላይ ላ ኮንሴፕሲዮን በሚባለው ሆስፒታል እግሩ ተቆረጠ። ኅዳር 10 ቀን እዚያው ሞተ። ዕድሜው 37 ነበር።

እኔን የሚከነክነኝ ግን የዋዜማው ቀን ነው። ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው እህቱን ለመርከብ ድርጅት ኃላፊ ደብዳቤ አስጻፋት። በስንት ሰዓት ወደ መርከቡ ተሸክመው እንደሚወስዱት ንገሩኝ ይላል። ልቡ ወደዚያው ወደ እናንተ አገር ነበር።

በሜትሮ አንደኛው መስመር ሂድና «ባይ» ጣቢያ ውረድ። ሆስፒታሉ ዛሬም ይሠራል። የድሮው ሕንፃ ፈርሷል፤ ስሙ ያለበት የመታሰቢያ ሰሌዳ ግን አለ። በሽተኛ የተኛበት ግቢ ስለሆነ ካሜራ ይዘህ አትዙር። መቃብር ፍለጋም አትድከም፣ የተቀበረው በሰሜን ፈረንሳይ በትውልድ ከተማው በሻርልቪል ነው። ይገርማል መቼም፤ ሐረር ላይ ያልኖረበት ቤት በስሙ ይጠራል፣ ማርሴይ ላይ የሞተበት ቤት ደግሞ የለም።

«የምሄደው በፍልሰታ ነው። ጾሜን ሳልፈታ ምን እበላለሁ?» (ከለንደን)

ፓኒስ! የሽምብራ ዱቄት ውኃና ጨው ውስጥ እንደ ገንፎ እየተማሰለ ይበስላል። ከዚያ ፈሶ ይቀዘቅዛል፣ ይቆረጣል፣ በዘይት ይጠበሳል። ሽሮ ልሆን ነው ብሎ መንገድ ላይ ሐሳቡን የቀየረ ነገር ነው። ዳሩ ቅርምሽምሽ ይላል፣ ውስጡ ልስልስ ነው። ከከተማዋ በስተ ሰሜን ባለችው ኤስታክ የምትባል የባሕር ሰፈር፣ ውኃው ዳር ካሉት ትናንሽ ሱቆች ትኩሱን በወረቀት ጠቅልለው ይሰጡሻል። በሚጠበስበት ዘይት ሌላ ነገር ይጠበስ እንደሆነ መጠየቅ ግን ያንቺ ፋንታ ነው።

ታፔናድ ከሚባለው የወይራ ፍሬ ማባያ ተጠንቀቂ። የጾም ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ትንንሽ ዓሣ ተፈጭቶ ይገባበታል። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልጀምረውም። የታወቀው የዓሣ ሾርባቸው ቡያቤስም ከጾም በኋላ ይቆይሽ። መጀመሪያ መረቁ፣ ቀጥሎ ዓሣው ይቀርባል። ደህና ቦታ ከሆነ ዋጋው ያስደነግጣል፤ በርካሽ ካገኘሽው ደግሞ ተጠራጠሪ።

«ሦስተኛ ቀን ቢተርፈኝ ወደ ኤክስ ከተማ ልሂድ ወይስ ወደ አርል?» (ከአዲስ አበባ)

አርል። በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከተማው መሀል የሮማውያን ትልቅ የትርኢት ስታዲየም ቆሟል፤ ዛሬም ትርኢት ይታይበታል። ሠዓሊው ቫን ጎህ ከ1888 እስከ 1889 የኖረው እዚያ ነው። ኤክስ የሠዓሊው የሴዛን አገር ናት፣ ቆንጆ ናት፤ ለእኔ ግን ትንሽ ተኳኩላ የተቀመጠች ትመስለኛለች።

«ከተማዋ ዘራፊ ይበዛባታል ይሉኛል። እነዚያ ካላንክ የሚባሉትስ ቦታዎች እንዴት ናቸው?» (ከዱባይ)

ስልክህን ከኋላ ኪስህ አውጣ፣ ጣቢያውና ገበያው ላይ ቦርሳህን ወደ ፊት አድርግ። በዜና የምትሰማው የተኩስ ወሬ በአብዛኛው ጎብኚ ከማይደርስባቸው ሰፈሮች፣ ከዕፅ ንግድ ጋር የተያያዘ ነው።

ካላንክ ባሕሩ በነጭ የኖራ ድንጋይ ገደሎች መካከል ሰርጎ የገባባቸው ጠባብ ቦታዎች ናቸው። ከ2012 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ሆነዋል። ሱጂቶን የሚባለው የሚደረሰው ከሉሚኒ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በእግር ነው። በበጋው ወራት ግን ዝም ብሎ መሄድ የለም። በቀን 400 ሰው ብቻ ነው የሚገባው፤ በኢንተርኔት አስቀድመህ ትመዘገባለህ፣ ክፍያ የለውም። የእሳት አደጋ ካሰጋ መንገዱ ጭራሽ ይዘጋል፤ ስለዚህ ዋዜማው ማታ አጣራ። ውኃ ተሸክመህ ሂድ፣ መንገድ ላይ አታገኝም። በነጠላ ጫማ የወረደ ሰው ሲመለስ አይቼ አዝኛለሁ።

ከተዘጋብህ ከአሮጌው ወደብ በጀልባ ወደ ፍሪዩል ደሴቶች ተሻገር፤ መዋኛ አለ። የድሮው ደሴት እስር ቤት ሻቶ ዲፍም በዚያው መንገድ ነው። እሱ ደግሞ የነፋስ ጉዳይ ነው። ሚስትራል የሚሉት የሰሜን ነፋስ ሲነሣ ጀልባው ደሴቱ ላይ መቆም አይችልም። እኔ ሁለቴ ሄጄ ሁለቴም ነፋስ መልሶኛል። በሁለተኛው ቀን ትኬት የምትሸጠው ልጅ ገና ሳልጠይቃት በጣቷ ወደ ሰማይ አሳየችኝ። ፓኒሴን ገዝቼ ተመለስኩ።