የሞት ቅጣትን ስለሚቃወሙ በጎ ፈቃደኞች፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለደረሱ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ባለፈው ወር በዚህ ዓምድ የሞት ቅጣት ከወንጀል ሕጋችን ወጥቶ በዕድሜ ልክ እስራት ቢተካ የሚል አስተያየት አቅርቤ ነበር። ከዚያ ወዲህ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ሐሳቡን ከሚሞግቱ ሰዎች ሳይሆን፣ ሐሳቡን ተቀብለው በደሴና በኮምቦልቻ አነስተኛ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ካቋቋሙ ሰዎች የመጡ ናቸው። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ ባለ ቡድን ውስጥ ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለነበርኩ፣ ካነበብኩት ብቻ ሳይሆን ከተሳሳትኩትም እየጠቀስኩ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ በአገራችን የሞት ቅጣት ከተፈጸመ ብዙ ዓመት አልፏል። ፊርማ ስናሰባስብ ሰዎች «ለሌለ ነገር ምን አንገበገባችሁ?» ይሉናል። ምን ብለን እንመልስ? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ደሴ)

መልስ፦ ቅጣቱ የለም ማለት ስሕተት ነው፤ የቆመው አፈጻጸሙ እንጂ ሕጉ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 15 ማንም ሰው በሕይወት የመኖር መብት እንዳለው ከደነገገ በኋላ፣ በሕግ በተደነገገ ከባድ የወንጀል ቅጣት ካልሆነ በስተቀር ሕይወቱን አያጣም በማለት በሩን ክፍት ይተወዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 117 ቅጣቱን ያስቀምጥና ገደቦችን ይዘረዝርለታል፤ ከእነዚህም አንዱ ርእሰ ብሔሩ ሳያጸድቀው ፍርዱ እንዳይፈጸም የሚከለክለው ነው። ይህ ማለት የሞት ፍርደኛው ዛሬ በሕይወት ያለው ሕጉ ስለጠበቀው ሳይሆን አንድ ፊርማ ሳይፈረም በመቆየቱ ነው፤ ያልተፈረመ ወረቀት ደግሞ ነገ ሊፈረም ይችላል።

የ1999 ዓ.ም. ክረምት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የደኅንነት ኃላፊ የነበሩትን አቶ ክንፈ ገብረመድኅንን በ1993 ዓ.ም. በመግደል የተፈረደባቸው ሻለቃ ፀሐዬ ወልደ ሥላሴ በዚያ ክረምት ቅጣቱ ተፈጸመባቸው፤ ከዚያ በፊት ለዓመታት ቅጣቱ ስላልተፈጸመ የቀረ መስሎት የነበረ ብዙ ሰው ነበር። በዚያው ክረምት ሩዋንዳ፣ ያ ሁሉ እልቂት ከደረሰባት በኋላ፣ የሞት ቅጣትን ከሕጓ አወጣች። ጎረቤታችን ጅቡቲም ቅጣቱን ከሻረች ቆይታለች፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ የሚገባው የጭነት መኪና ሹፌር በየሳምንቱ የሞት ቅጣት ከሌለበት አገር ወደ አለበት አገር እየተሻገረ ነው ማለት ነው። ይህን ምሳሌ ፊርማ ስታሰባስቡ ተጠቀሙበት፤ እኔ ሞክሬዋለሁ፣ ሰው ቆሞ ያዳምጣል።

ጥያቄ፦ በቀበሌ አዳራሽ ባደረግነው ስብሰባ ላይ ልጃቸው የተገደለባቸው አንዲት እናት ከኋላ ተቀምጠው ቆዩና «የኔስ ልጅ?» ብለው ተነሥተው ወጡ። ሁላችንም ዝም አልን። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ለመጥራት እያፈርን ነው። (የቡድን ሰብሳቢ፣ ኮምቦልቻ)

መልስ፦ ዝም ማለታችሁ ከብዙ መልስ ይሻላል። የምታፍሩበት ነገር ካለ፣ እኚህ እናት ወደ ስብሰባው ከመምጣታቸው በፊት ወደ ቤታቸው አለመሄዳችሁ ነው።

የራሴን ልንገርዎት። በእኛ ቡድን ውስጥ አንድ ገጽ ጽሑፍ አዘጋጅተን ስናበቃ፣ ጽሑፉ በሚያነሣው ጉዳይ የሟች ቤተሰብ ደሴ ውስጥ በሆጤ በኩል እንደሚኖር ሰማንና ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ሄድን። አባትየው በክብር ተቀበሉን፤ ቡናውም ቀረበ። ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ ልጁ የምረቃ ልብሱን እንደለበሰ የተነሣው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ክፈፉ ላይ ጥቁር ሪባን ታስሮበታል። ወረቀቱን ሰጠናቸው። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ሳይቸኩሉ እስከ መጨረሻው አነበቡና፣ «ሟች» ከሚለው ቃል ሥር ጣታቸውን አሳርፈው «ይኼ ስም የለውም እንዴ?» አሉን። የተፈረደበትን ሰው ስም በዚያ አንድ ገጽ ላይ አምስት ጊዜ ጽፈነው ነበር። የቀረበልንን ቡና እንዴት እንደጨረስኩት አላስታውስም።

ከዚያ ቀን በኋላ ቡድናችን ስለ አንድ ጉዳይ ከመናገሩ በፊት ለሟች ቤተሰብ ነግሮ፣ ቤተሰቡ ከፈቀደም የሟቹን ስም በቅድሚያ ጠርቶ እንዲጀምር ወሰንን። እናንተም ወደ እኚህ እናት ሂዱ፤ ነገር ግን አሥር ሆናችሁ አትሂዱ። አንዷ በዕድሜ የገፉ ሴት ቢሆኑ መልካም ነው፤ ሁለት ሰው ይበቃል። የፊርማ ወረቀትና ካሜራ አትያዙ፤ የምትሄዱት ለቅሶ ዘግይቶ እንደሚደርስ ዘመድ ነው። ለማሳመን አትሞክሩ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ይቅር ይበሉ» አትበሏቸው። በወሎ ደም የሚደርቅበት የራሱ ሥርዓት አለው፤ ሽማግሌው፣ በአንዳንድ ወረዳዎች አባጋር የሚባሉት አስታራቂዎች፣ የጉማው (የደም ካሳው) ነገር፣ ሁሉም ጊዜና ባለቤት ያለው ነው። የእናንተ ቡድን የመንግሥትን ቅጣት የሚመለከት እንጂ የቤተሰብን ቂም የሚፈታ አይደለምና ሁለቱን አታቀላቅሉ። ከጠየቋችሁ ብቻ፣ ገዳዩ ይለቀቅ እያላችሁ እንዳልሆነና የምትጠይቁት ዕድሜ ልክ እንዲታሰር መሆኑን በግልጽ ንገሯቸው። ምናልባት አሁንም አይቀበሏችሁም። ያም ሆኖ በፍርድ ቤት ቀጠሮ ቀን አብሯቸው የሚሄድ ሰው ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቁ፤ ከፈለጉም ሂዱላቸው።

ስብሰባውን ግን ቀጥሉ። ሲገቡ ካያችኋቸው ከፊት ወንበር ስጧቸው።

ጥያቄ፦ በቡድናችን ሙስሊምም ክርስቲያንም አለ። አንዳንዱ «ሃይማኖታችን የሞት ቅጣትን ይቃወማል» እያለ ሲናገር ሌላው ይቆጣል። ምን እናድርግ? (መምህር፣ ደሴ)

መልስ፦ የተቆጣው ሰው እውነት አለው። ፍትሐ ነገሥት የሞት ቅጣትን ያውቃል፤ በእስልምናም ቂሳስ፣ ማለትም ገዳይን በተመጣጣኝ ቅጣት መቅጣት፣ አለ። በሌላ በኩል ቁርኣን በአል በቀራ ምዕራፍ አንቀጽ 178 የሟች ወገን ይቅር ሊልና ካሳ ሊቀበል እንደሚችል ይናገራል፤ ክርስቲያኑም ስለ ምሕረት የሚጠቅሰው አያጣም። ስለዚህ ከመድረክ ላይ ሃይማኖትን ወክሎ መናገር ለሼሁና ለቄሱ ይተው፤ የቡድኑ አባል «እኔ እንዲህ አምናለሁ» ብሎ በራሱ ስም ይናገር።

የሃይማኖት መሪዎች ሚና ምን ያህል እንደሆነ ለማሳየት ከፈለጋችሁ ክርክር ሳይሆን ታሪክ አምጡ። የሃይማኖት መሪዎች ለሞት ፍርደኞቹ የደርግ ባለሥልጣናት ምሕረት ከጠየቁ በኋላ፣ በ2003 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የ23ቱን ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለውጠውታል። ይህ የሆነው ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 በሰው ዘር ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በይቅርታ ወይም በምሕረት እንደማይታለፉ ከደነገገ በኋላ፣ ርእሰ ብሔሩ የሞት ቅጣቱን ወደ ዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ዝቅ ሊያደርገው እንደሚችል ስለፈቀደ ነው። ጥፋተኛነቱ እንዳለ ነው፤ ሞቱ ብቻ ቀረ። በእኔ አስተያየት ከዚህ የተሻለ ለጥርጣሬ መልስ የሚሆን የአገር ውስጥ ምሳሌ የለም።

ጥያቄ፦ «ቅጣቱ ቢነሣ ገዳይ ይበዛል» ለሚለው አጭር መልስ ቢሰጡን።

መልስ፦ ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1976 ቅጣቱን ካነሣች በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት የግድያ መጠኗ ቀንሷል እንጂ አልጨመረም። ይህ ቅጣቱ በመነሣቱ የመጣ ነው ብላችሁ ግን አትናገሩ፤ አልተረጋገጠም። በአሜሪካ ደግሞ ከ1973 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሞት ፍርድ ከተፈረደባቸው በኋላ ነጻ መሆናቸው የታወቀ ሰዎች ከ190 ይበልጣሉ። እኔ ከሁለቱ የኋለኛውን እመርጣለሁ፤ ፍርድ ቤት እንደሚሳሳት ለወሎ ሰው ማስረዳት አይከብድም።

ጥያቄ፦ መዋጮ የምንሰበስበው በአንድ አባላችን የቴሌብር ሒሳብ ነው። ችግር አለው? (የቡድን አባል፣ ኮምቦልቻ)

መልስ፦ አለው፤ አባሉ የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን። በእኛ ቡድን ገንዘብ ያዡ የአዳራሽ ኪራይና የቤቱን አስቤዛ ከአንድ ኪስ ሲከፍል ቆይቶ፣ ሒሳብ ሲጠየቅ ከራሱ 300 ብር በላይ እንደጨመረ ታወቀ፤ ነገር ግን ደረሰኝ ስላልነበረው ሌባ ተብሎ ቀረ። እስከዛሬ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል። ቢያንስ የገቢና ወጪ መዝገብ ይኑራችሁ፤ በየወሩም ሁለት ሰው ይፈርምበት። በቡድኑ ስም የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ሕጋዊ ሰውነት ያስፈልጋል፤ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ከአንድ ክልል በላይ ለሚሠሩ ድርጅቶች የወጣ ስለሆነ፣ በአማራ ክልል ብቻ የምትንቀሳቀሱ ከሆነ ስለ ምዝገባው የክልሉን ሕግ ጠይቁ። ከእሱ በፊት የነበረው የ2001 ዓ.ም. አዋጅ በመብት ሥራ ላይ ጥሎት የነበረው የ10 በመቶ የውጭ ገንዘብ ገደብ ግን በ2011 ዓ.ም. ተነሥቷል፤ አሁንም አለ የሚላችሁን አትስሙ።

ጥያቄ፦ የዓለም የሞት ቅጣት መቃወሚያ ቀን በእኛ አቆጣጠር መቼ ነው? ከፒያሳ ተነሥተን ሰልፍ ልናደርግ አስበናል። (ደሴ)

መልስ፦ ኦክቶበር 10 ነው፤ በእኛ መስከረም 30፣ ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ደግሞ መስከረም 29። ለሰልፍ በአዋጅ 3/1983 መሠረት 48 ሰዓት አስቀድሞ ለከተማው አስተዳደር በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ግን በመጀመሪያው ዓመት ሰልፉን ተዉት። 15 ሰው በፒያሳ ሲያልፍ የሚታየው ቁጥሩ ነው፤ 15 ሰው በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አንድ የሕግ ባለሙያ ሲያዳምጥ ግን ክፍሉ ይሞላል።

ጥያቄ፦ ወንድሟ የሞት ፍርድ የተፈረደበት ሴት መጥታ እርዱኝ አለችን። ከመካከላችን ጠበቃ የለም። ምን ማድረግ እንችላለን? (ደሴ)

መልስ፦ መጀመሪያ ማድረግ የሌለባችሁን ልናገር። ስሙንና ፎቶግራፉን በፌስቡክ አታውጡ፤ ጠበቃ ሳያየው በጉዳዩ ላይ የሚጻፍ ነገር ሁሉ ሊጎዳው ይችላል። «እናስፈታዋለን» የሚል ቃልም ከአፋችሁ አይውጣ።

ከዚያ የፍርዱን ሙሉ ግልባጭ እንድታወጣ እርዷት። ብዙ ቤተሰብ የሚያውቀው የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው። ግልባጩ በእጃችሁ ሲገባ የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 117 ከጎኑ አስቀምጣችሁ አንብቡ፦ ወንጀሉ ሲፈጸም ዕድሜው 18 ሞልቶት ነበርን? ወንጀሉ ፍጻሜ ያገኘ ነውን? ቅጣት ማቅለያ ተነሥቶ ነበርን? የአእምሮ ሕመም ቢኖርበትስ፣ ለፍርድ ቤቱ ተነግሯልን? የዕድሜው ነገር በተለይ በገጠር ለተወለደ ሰው ቀላል አይደለም፤ የልደት የምስክር ወረቀት ከሌለው የክርስትና መዝገብ፣ የትምህርት ቤት ካርድ፣ ወይም የሐኪም ማስረጃ መፈለግ ያስፈልጋል። ይህን ፍለጋ ደግሞ ጠበቃ ያልሆነ ሰውም ሊሠራው ይችላል፤ እንዲያውም ከገጠር ቀበሌ ቀበሌ የሚዞር ጠበቃ አላየሁም።

ይግባኝ የማለት መብቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተጠበቀ ነው፤ ጊዜው ግን አጭር ስለሆነ ዛሬውኑ ይጀመር። ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለውና በዚህም ምክንያት ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ከሆነ፣ ይኸው አንቀጽ ከመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። ይግባኙ ካለቀ በኋላ የይቅርታ ጥያቄ አለ፤ ማመልከቻውን ፍርደኛው ራሱ፣ ባለቤቱ፣ የቅርብ ዘመዱ ወይም ጠበቃው ሊያቀርብ ይችላል። እኅቱ የቅርብ ዘመድ ናት። ስትጽፍ አጠገቧ ተቀመጡ እንጂ አትጻፉላት፤ በራሷ ቃል ትጻፈው፣ እናንተ ቀኑን፣ የመዝገብ ቁጥሩንና የፊደል ግድፈቱን ብቻ አርሙላት። ከመላኩ በፊት ሁለት ቅጂ ይነሣ፤ አንዱ እሷ ጋ ይቀመጥ፣ አንዱ በእናንተ ሳጥን ውስጥ።