ወደ ልጣጩ የምትጨምሩትን መዝኑ

በኬሚስትሪ ሙያ ገና መንገድ ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

ብዙዎቻችሁ ከምግብ ተረፈ ምርት አሟሚ (ሌላ ነገር የሚያሟሟ ፈሳሽ) እና ፕላስቲክ ማውጣት እንደምትፈልጉ እሰማለሁ። ልቤ ከእናንተ ጋር ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እንደገመተው በ2022 እ.ኤ.አ. ብቻ በመኖሪያ ቤቶች፣ በምግብ ቤቶችና በመደብሮች፣ የማይበላውን ክፍል ጨምሮ፣ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል። የሚበላው ለሰው ይድረስ፤ ያ ካልሆነ ለእንስሳት። የእኛ ድርሻ የሚጀምረው ማንም ከማይበላው ልጣጭ፣ ገለባ፣ ዛጎልና አተላ ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እነግራችኋለሁ፦ ጥሬ ዕቃው ከቆሻሻ ገንዳ ስለመጣ ብቻ ሥራችሁ አረንጓዴ አይሆንም። ኬሚስቶቹ ፖል አናስታስና ጆን ዋርነር በ1998 እ.ኤ.አ. ካቀረቧቸው 12 የአረንጓዴ ኬሚስትሪ መርሆዎች መካከል ታዳሽ ጥሬ ዕቃ የሚጠቀሰው በሰባተኛው ላይ ነው። የመጀመሪያው ቆሻሻን ከምንጩ መከላከል ነው።

የሽሪምፕን ዛጎል ተመልከቱ። በውስጡ ዛጎሉን የሚያጠነክር ካይቲን የተባለ ነገር አለ፤ ከካይቲን የሚገኘው ካይቶሳን ለቁስል መሸፈኛና ለውሃ ማጣሪያ ያገለግላል። የሚሰማው ሁሉ ይወደዋል። ነገር ግን በተለመደው ዘዴ ካልሲየም ካርቦኔቱን ለማሟሟት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ፕሮቲኑን ለማስለቀቅ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይፈስበታል። ካይቲኑን ወደ ካይቶሳን ለመለወጥ ደግሞ ያው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ በጣም ጠንክሮና ግሎ፣ እንደገና ያስፈልጋል። በየደረጃው ብዙ ውሃ ለማጠቢያ ይፈሳል። ያ እጣቢ የት ይሄዳል? ኬሚስቱ ሮጀር ሼልደን በ1992 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ስሌት ይህንኑ ይጠይቃል፤ ለአንድ ኪሎ ምርት ስንት ኪሎ ቆሻሻ ወጣ? በመድኃኒት ምርት መልሱ ከ25 እስከ 100 ኪሎ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነበር። ውጤታችሁን ለማንም ከማሳየታችሁ በፊት ይህን አስሉ።

ውሃ ሌላው ጣጣ ነው። የእርጥብ ትራፊ አብዛኛው ክብደት ውሃ ሲሆን፣ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ 1 ኪሎ ውሃ ለማትነን ብቻ 2,260 ኪሎጁል ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ለማድረቅ አትቸኩሉ። ባክቴሪያዎች በእርጥበቱ ውስጥ ስኳሩን አብላልተው ላክቲክ አሲድ ይሰጧችኋል፤ ከዚያም ፖሊላክቲክ አሲድ የተባለው ፕላስቲክ ይሠራል። ይህን ፕላስቲክ ግን «የትም ቢጣል ይበሰብሳል» ብላችሁ አትሽጡ። በሚገባ የሚበሰብሰው 60 ዲግሪ አካባቢ በሚሞቅ የኮምፖስት ማዕከል ነው።

ቅደም ተከተልም ይወስናል። የብርቱካን ልጣጭ ዘይት ከ90 በመቶ በላይ ሊሞኒን ነው፤ ቅባት የሚያስለቅቅ ግሩም አሟሚ። መጀመሪያ እሱን አውጡ፤ ፔክቲኑን፣ ማለትም ማርማላታን የሚያረጋውን ነገር፣ ለማውጣት ልጣጩን ከነዘይቱ በአሲድ ካፈላችሁት ሊሞኒኑ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል። ቀጥሎ ፔክቲኑን፣ በመጨረሻም የልጣጩን ጭረት፣ ሴሉሎሱን።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ አዮዋ ኩዌከር ኦትስ የተባለው የምግብ ኩባንያ ከአጃ ገለባ ፉርፉራል የተባለውን፣ ለአሟሚነትና ለሌሎች ኬሚካሎች መሥሪያ የሚያገለግል ፈሳሽ፣ በፋብሪካ ደረጃ ማምረት ጀመረ። እኔ ከዚህ ታሪክ የማደንቀው ከኬሚስትሪው ይልቅ ገለባውን ነው፤ ደረቅ፣ አንድ ዓይነት፣ በአንድ ቦታ የተከመረ ነበር። እናንተም ከቤተ ሙከራ በፊት ጭማቂ ወደሚጨመቅበት ፋብሪካ ሂዱ፤ በየቀኑ ምን ያህል ልጣጭ እንደሚወጣ፣ በየትኛው ወር እንደሚቋረጥ፣ በስንት ሰዓት መሻገት እንደሚጀምር ሠራተኞቹን ጠይቁ። ከየቤቱ ተደባልቆ ለሚመጣው ትራፊ ግን ብዙ ጊዜ ባዮጋዝ ይሻላል። ይህን መናገር ለኬሚስት ከባድ ቢሆንም፣ ስሌታችሁ ካሳያችሁ ተናገሩት።