ቀፎ ከመግዛትህ በፊት ድንበርህን እይ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ኑጌ እንደ ጉድ ያብባል ግን ፍሬ አይይዝም፣ ዱባዬ ገና እንቁላል ሳያክል ቢጫ ሆኖ ይረግፋል፣ ሦስት ዘመናዊ ቀፎ ልግዛ ወይ ብለሃል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእኔም ችግር ይኸው ነበር። እኔ ግን ማንንም ሳልጠይቅ ገዛሁ። ያውም በብድር፣ ያውም አምስት ቀፎ። አንተ እዚያ ውስጥ እንዳትገባ ብዬ ነው ሥራዬን አቁሜ ይህን የምጽፍልህ።

ያለሁት ምዕራብ ጎጃም፣ ወይና ደጋ ላይ ነው። በክረምት ጤፍና ኑግ፣ በበጋ በመስኖ ሽንኩርት እዘራለሁ። ያንተም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

1ኛ. ቀፎውን ለጊዜው እርሳው። ኑግ በራሱ የአበባ ብናኝ አያፈራም፣ ከሌላ የኑግ እግር ብናኝ መምጣት አለበት። እሱን የሚያመጣው ደግሞ ነፍሳት ነው። ዱባም እንዲሁ ነው፤ ወንዴው አበባ ለብቻው፣ ሴቴዋ ለብቻዋ ናት። አበባው ጎህ ሲቀድ ይከፈትና ረፋዱ ላይ ይከደናል። በዚያች አጭር ሰዓት ንብ ካልመጣ ያቺ ዱባ አለቀላት። ስለዚህ ችግርህ የነፍሳት እጥረት መሆኑን በትክክል ገምተሃል። ግን ቀፎ አበባ አያበቅልም። ማሳህ ዙሪያ የሚበላ ከሌለ ያስገባኸው ንብ ይኮበልላል። የእኛ አገር ንብ ሲርበው ወይ ሲረበሽ ጥሎ ለመሄድ ቀን አይቆጥርም። ከአምስቱ ቀፎዎቼ ሦስቱ በመጀመሪያው ዓመት ባዶ ቀሩ። ብድሩን ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ከፈልኩ።

አባቴ ከቤቱ ጀርባ በእበት የተለሰኑ ስድስት ባህላዊ ቀፎዎች ነበሩት። ሥልጠና የሚባል አያውቅም። ኑጉ ግን ፍሬ አጥቶ አያውቅም ነበር። የእሱ ዘመን ድንበር መጭ፣ አደይ አበባና ማገጥ የሞላበት ነበር። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው።

2ኛ. ድንበርህን አታጽዳ። ይህን የምልህ ስላጸዳሁት ነው። በ2011 ክረምት ጤፌን ቱፎርዲ የሚባለውን የአረም መድኃኒት አስረጨሁ። ረጪው ልጅ ሲጨርስ መርጫው ውስጥ የተረፈ ነበር። «ይሄን የት ላድርገው?» አለኝ። «ድንበሩ ላይ ጨርሰው፣ ይጽዳ» አልኩት። መስከረም ሲጠባ የሰው ድንበር ቢጫ ለብሶ የእኔ ደርቆ ቆመ። ቱፎርዲ ሣሩን ይተውና ቅጠለ ሰፊውን ነው የሚጨርሰው። ንብ የሚበላው ደግሞ ያንኑ ቅጠለ ሰፊውን ነው። ነፋስ የወሰደው ጠብታ ደግሞ የጎረቤቴን ኑግ ቅጠሉን ጠቅልሎ ጣለው። ሽማግሌ ገብቶ ካሣ ከፈልኩ።

አሁን በድንበሬ ዳር ሁለት ሜትር ያህል አላርስም፣ መድኃኒትም አይነካውም። «አረም ወደ ጤፍህ ይገባል» የሚልህ ይኖራል፣ እውነቱን ነው። እኔ አበባው ሲያልፍ፣ ዘሩ ሳይረግፍ ግማሹን በማጭድ አጭዳለሁ። ለከብት ይሆናል። ግማሹን ለሚቀጥለው ዓመት ዘር እተዋለሁ፣ በዓመቱ ደግሞ አፈራርቀዋለሁ። አንድ ነገር ግን አደራ፤ ከመተውህ በፊት ጎረቤትህን ጥራው። ሳይታረስ የቀረ ድንበር ሲያይ «ልትገፋኝ ነው» ይላል። እኔ ሳልነግረው ጀምሬ ሦስት ወር ሰላም ሳንባባል ከረምን። በኋላ ሁለት ሜትሩ ከእኔ መሬት መሆኑን በገመድ ለክቼ ሳሳየው ነው የታረቅነው። ዛሬ እሱም አንድ ሜትር ትቷል።

3ኛ. አበባ ላይ አትርጭ። ዋናው ይህ ነው፣ ሌላውን ብትረሳ ይህን ያዝ።

ጥር 2012 ላይ የሽንኩርት ዘር አመርት ነበር። የሽንኩርት ዘር ዋጋው ምን እንደሚያህል ታውቃለህ። ጥር ላይ በአካባቢው ሌላ አበባ ስለሌለ ንቡ ሁሉ እዚያች ማሳ ላይ ነበር። ትሪፕስ የሚባል ደቃቅ ተባይ ገባብኝ። የመድኃኒት ሻጩ «ይሄ ፈጣን ነው» ብሎ አንድ ጠርሙስ ሰጠኝ። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ነው። አላነበብኩትም፣ የሚያነብልኝ ሰውም አልፈለግኩም። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል፣ ራሴ ተሸክሜ ረጨሁት።

በነጋታው ከተረፉት ሁለት ቀፎዎች ስር መሬቱ ጠቁሮ አገኘሁት። አንዷን አንስቼ መዳፌ ላይ አስቀመጥኳት። ምላሷ ወጥቶ ቀርቷል። የኋላ እግሯ ላይ የሰበሰበችው ብናኝ እንደተድበለበለ ነው። በሕይወት ያሉት በጀርባቸው ተገልብጠው ይሽከረከራሉ። ባለቤቴ መጥታ አየችና ምንም ሳትናገር ተመለሰች።

ከትሪፕሱ ያዳንኩት ዘርስ? የሽንኩርቱ ራስ ኳስ መስሎ አምሮ ነበር። መጋቢት ላይ በእጄ ሳሸው አብዛኛው ገለባ ሆነ። 20 ኪሎ የጠበቅሁበት ማሳ 6 ኪሎ ሰጠኝ። ትሪፕሱን ብተወው እንኳ ያን ያህል አያከስረኝም ነበር።

የሞቱትን በክብሪት ቀፎ ይዤ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። ጥፋቴን ላለመሸሸግ ጠርሙሱንም ይዣለሁ። የፈለግኩት ሌላው ገበሬ እንዲነገረው ነው፤ ይህን መድኃኒት በአበባ ጊዜ አትርጩ የሚል አንድ ማስታወቂያ ቢለጠፍ በቂዬ ነበር። ባለሙያው የክብሪት ቀፎውን አልከፈተም። በእስክሪብቶው ጫፍ ወደ እኔ ገፋው። «ለንብ ነው እንዴ ከሥራ የምታስፈታኝ?» አለኝ። ወደ ሌላ ክፍል ላከኝ፣ ያኛው ደግሞ ወደ መጀመሪያው መለሰኝ። አራት ሳምንት ተመላለስኩ። ማስታወቂያ አልተለጠፈም፣ ማሳዬን ሊያይ የመጣም የለም። አገራችን የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660/2002 የሚባል ሕግ እንዳላት ያወቅኩት ከዓመት በኋላ ነው። ያን ቀን ባውቀው ቁጥሩን ጽፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥለት ነበር። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። ስለዚህ አንተ ስትሄድ በቃል አትሂድ፤ አቤቱታህን ጽፈህ፣ ቀኑንና የመድኃኒቱን ስም አስፍረህ፣ በመዝገብ ቁጥር አስገባ።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬ እንዲህ ነው። ማሳው ካበበ አልረጭም። የግድ ከሆነ ከማበቡ በፊት፣ ወይ ደግሞ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ፣ ንቡ ሁሉ ከገባ፣ ነፋስም ካልነፈሰ ብቻ። ከሁለት ቀን በፊት ቀፎ ላላቸው ጎረቤቶች ሁሉ እነግራለሁ። እነሱም አሁን ይነግሩኛል፣ ይህን ልማድ ያስጀመርኩት እኔ ነኝ።

ሌላው ረሃቡ ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ለንብ ጥጋብ ነው፣ ያኔ አትጨነቅ። የምትጨነቀው ለበጋው ነው። አጥሬን በሙሉ ግራዋ አደረግኩት፤ ቅርንጫፉን ቆርጠህ ብትተክለው ይጸድቃል፣ ሌላው ሁሉ በደረቀበት በጥር ነጭ አበባውን ያወጣል። ከወንዙ ዳር ያሉትን ብሳናዎች ማገዶ ፈላጊ እንዳይቆርጣቸው እጠብቃለሁ፤ ዝናብ ሲቃረብ እነሱ ያብባሉ። እርከኑ ላይ ትሪ ሉሰርን የሚባለውን የመኖ ዛፍ ተክያለሁ፣ ለንብም ለበግም ነው። በበጋ ደግሞ ሰፋ ባለ ሳህን ጠጠር ሞልቼ ውኃ አደርጋለሁ። ጠጠሩ እንዳይሰጥሙ ማረፊያ ይሆናቸዋል።

ስለ ቀፎ ንብ ብቻ እንዳታስብ ደግሞ። ኑጌ ላይ በማለዳ ቁጭ ብዬ ሳይ ግማሹ ጎብኚ የቀፎ ንብ አልነበረም። ትናንሽ የምድር ንቦች አሉ፣ እንጨት ሰርስረው የሚኖሩ ትልልቅ ጥቁሮች አሉ፣ አበባ የሚያዘወትሩ ዝንቦች አሉ። እነዚህን በብር አታገኛቸውም። የሚፈልጉት ያልታረሰ መሬትና ያልተለቀመ ደረቅ ግንድ ነው። ማሳዬ ጫፍ ላይ አንዲት ጉብታ አለች፣ ጣዝማም ነበረባት። ሁለት ልጆች ማሩን ለመድኃኒት ሊሸጡ ቆፍረው አወጡት። ከዚያ በኋላ ጉብታዋን በእሾህ አጠርኳት። ጣዝማው አልተመለሰም፣ ሌሎቹ የምድር ንቦች ግን አሁንም በደረቁ አፈር ላይ ቀዳዳቸውን ይቆፍራሉ።

ውጤቱን ልንገርህ፣ ስለምኮራበት ነው። ከአንድ ጥማድ ኑግ አንድ ኩንታል ከሩብ ነበር የማገኘው። አምና ሁለት ኩንታል ተኩል ለካሁ። ማዳበሪያ አልጨመርኩም፣ ዘሩም ያው ነው። ሁለቱ ቀፎዎች አሁን ሰባት ሆነዋል፣ ከተጨመሩት አንዱንም በብር አልገዛሁም። መንጋ ራሱ እየመጣ ገብቶባቸው ነው።

ለዘንድሮው ዱባህ የሚደርስልህ አንድ መላ ነው ያለው። ጠዋት ወንዴውን አበባ ቀጥፈህ ቅጠሉን ገንጥልና እንብርቱን ከሴቴዋ ውስጥ ቀስ አድርገህ እሸው። ሴቴዋ ከአንገቷ ስር ትንሽ ዱባ ያላት ናት። ከ3 ሰዓት በፊት ጨርስ።

የቀፎውን ነገር ከመወሰንህ በፊት ግን ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ኑግህ መሃል ሩብ ሰዓት ቁጭ በል። የሚያርፈውን ሁሉ ቁጠር፤ የቀፎ ንቡን ለብቻ፣ ሌላውን ለብቻ። ድንበርህ ላይ የቀረውን አበባም ፎቶ አንሣ። ሁለቱንም እዚሁ ለጥፍልኝ፣ ማታ ከማሳ ስመለስ አያለሁ።