ከአያት ሳጥን የወጣ ካፖርት፦ የአንባቢ ጥያቄዎች

ባለፈው ስለ አሮጌ የወታደር ልብስ ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልኬ በፎቶ ተጨናንቋል። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ስንት ሳጥን ተከፈተ!

«ጋሼ፣ አያቴ የቃኘው ሻለቃ ዘማች ነበሩ። ኮሪያ ላይ የለበሱት ነው ተብሎ አንድ ጃኬት ደረሰኝ። የእጅጌው ጫፍ በቬልክሮ ይጣበቃል፤ ኮሌታው ውስጥ ኮፍያ ተጠቅልሏል። እውነት የዚያ ዘመን ነው?» (ከሆጤ)

ላሳዝንህ ነው ወንድሜ። ቃኘው በሚያዝያ 1943 ዘምቶ በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ሥር ተዋጋ፤ የለበሰውም የአሜሪካንን ነው። የዚያን ጊዜው ጃኬት ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ ቁልፎቹ በጨርቅ ተሸፍነው የማይታዩ፣ ሌላው ዚፕ ያለው። ቬልክሮው የመጣው በፈረንጅ 1965 በወጣው ሞዴል ነው። የላክኸውን ፎቶ አጉልቼ ሳየው ደግሞ ገበሩ ላይ በተሰፋችው ጨርቅ «ዲኤስኤ 100-68» የሚል የአሜሪካ ጦር የግዢ ውል ቁጥር ይነበባል። 68ቱ የግዢው በጀት ዓመት ነው፤ 1968 በፈረንጅ። የኮሪያ ተኩስ ከቆመ 15 ዓመት ሊሆነው ነው ማለት ነው።

አያትህ አልዘመቱም አላልኩም። ጃኬቱ ግን በኋላ የተገዛ ነው፣ ምናልባት ከቦንዳ። የኮሪያውን ከፈለግህ ሳጥኑን ደግመህ ፈትሽ። የ7ኛ ክፍለ ጦር ምልክት ቀይ ክብ ላይ ጫፍ ለጫፍ የተጋጠሙ ሁለት ጥቁር ሦስት ማዕዘኖች ናቸው። ምልክቱ ተነቅሎ ቢሆን እንኳ ትከሻው ላይ ክብ ቦታ ሳይደበዝዝ ይቀራል፤ ዙሪያውን የመርፌ ቀዳዳ ይታያል። በመስኮት ብርሃን አጋድመህ እየው።

«አረንጓዴ ቀመስ ግራጫ የሱፍ ኮት አለን። ኮሌታው ጫፍና ጫፍ ላይ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ አለው። ጎረቤት የደርግ ነው ይላል።» (ከኮምቦልቻ)

ኮከብ ሁሉ የደርግ አይደለም እህቴ! የጣሊያን ወታደር ከ1871 በፈረንጅ ጀምሮ ኮሌታው ላይ ኮከብ ያደርጋል። ግራጫ አረንጓዴውም ሱፍ የእነሱው ነው። ጣሊያን ደሴን ከሚያዝያ 1928 እስከ ሚያዝያ 1933 ይዟት ስለነበር አንዱ ኮት እናንተ ቤት ቢቀር አይገርምም። ኮከቡን ለማጽዳት ብለሽ በአመድ እንዳትፈትጊው አደራ።

«ትከሻ ላይ ያለችው ማሰሪያ ለማዕረግ ብቻ ናት?» አይደለችም። ድሮ የቦርሳና የዝናር ማንገቻ ከትከሻ እንዳይንሸራተት ትይዝ ነበር።

«ለሠርጌ ፎቶ ብለብሰውስ?» የአሁኑን ሠራዊት መለዮ የሚመስል ከሆነ ተወው። ወታደር ሳይሆኑ መልበስ በሕግ ያስጠይቃል። ፎቶ አንሺውም አያድንህም።

«ሱፉን ብል ጀመረው፣ ልጠበው?» (ከቧንቧ ውሃ ሰፈር)

አብሽሪ፣ ይድናል። ግን ሙቅ ውሃ እንዳይነካው። እኔ አንድ የሱፍ ካፖርት በሙቅ ውሃ አጥቤ የሰባት ዓመት ልጅ ልብስ አድርጌዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ባለቤቴ ትስቅብኛለች። መጀመሪያ ኪሶቹን ገልብጪ፣ ስፌቱን በለስላሳ ብሩሽ ጥረጊ፤ የብል እንቁላል የሚደበቀው እዚያ ነው። ከዚያ በፌስታል ጠቅልለሽ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዪው። በደሴ ክረምት ደግሞ ሳጥን ውስጥ አትዝጊበት፣ ይሻግታል። ጥላ ላይ በሰፊ መስቀያ ስቀዪው፤ በሽቦ መስቀያ ከሆነ ትከሻው ይጎብጣል።