አገር ሲዋጋ ገበሬው እንዴት ይቀልባል? ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ስለ ጦርነትና ስለ እርሻ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከጎንደርና ከአካባቢው ከደረሱኝ መካከል የሚከተሉትን መልሻለሁ።

ከአዘዞ፦ ጋሼ፣ እንግሊዝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መርከቦቿ እየሰመጡ እንዴት ሳትራብ ቀረች?

የግጦሽ መሬቷን አርሳ። ከጦርነቱ በፊት ከምትበላው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከውጭ በመርከብ የሚገባ ነበር። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ይህን መስመር ሲያጠቁ የራስ መሬት ዋጋ ታወቀ። አንድ ጥማድ መሬት ለከብት ሣር ከሚያበቅል ይልቅ ስንዴ ወይም ድንች ቢበቅልበት የሚመግበው ሰው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። መንግሥት ጦርነቱ ከመፈንዳቱ በፊት፣ በ1939 እ.ኤ.አ.፣ ግጦሹን ለገለበጠ ገበሬ በኤከር 2 ፓውንድ መክፈል ጀመረ (ኤከር ከአንድ ጥማድ ተኩል ጥቂት ይበልጣል)። በ1944 የሚታረሰው መሬት በግማሽ ያህል ጨምሮ ነበር። ዳቦ በጦርነቱ ዘመን ሁሉ ያለ ራሽን ተሸጠ። ራሽን የገባበት ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ በ1946 ነው።

እኔ ከሁሉም የማደንቀው ገንዘቡ አስቀድሞ መምጣቱን ነው። ገበሬው ምን እንደሚያገኝ አውቆ ነው ሞፈሩን የጨበጠው።

ከማራኪ፦ ወንዶቹ ሲዘምቱ ማን አረሰ?

ሙያ ያላቸው የእርሻ ሠራተኞች ከዘመቻ ቀርተዋል። የሴቶች የእርሻ ጦር የሚባለው ድርጅትም በጦርነቱ መካከል ከ80,000 በላይ ሴቶች ነበሩት፤ ያልባሉ፣ ያጭዳሉ፣ ትራክተር ይነዳሉ። በእኛ ልማድ ግን ሴት በሬ ጠምዳ አታርስም። ስለዚህ ባሏ የዘመተባት እናት መሬቷን በእኩል ትሰጣለች፤ ግማሹ ምርት ወዲያው ከእጇ ወጣ ማለት ነው። ይህ ዘወትር ያሳስበኛል። ዘማች ያለበትን ቤት ማሳ በደቦ ማረስ፣ ማረምና መውቃት የጎረቤት ውለታ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም፤ ቀን ተቆርጦለት፣ ኃላፊ ተመድቦለት መሠራት አለበት።

ከቀበሌ 18፦ እህሉን ከገበሬው አስገድዶ መውሰድ አይቀልም?

ለአንድ ዓመት ይቀል ይሆናል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ሹማምንት አሳማ ድንቹን ከሰው ጋር ይሻማል ብለው በ1915 እ.ኤ.አ. በሚሊዮን የሚቆጠር አሳማ አሳረዱ። ሥጋው በአንዴ ገበያ አጥለቀለቀና አለቀ፤ ከዚያ ፍግም ጮማም ጠፋ። ለማዳበሪያ የሚሆነው ናይትሮጅንም ወደ ፈንጂ ፋብሪካ ሄደ፤ ፈረሱና ጎልማሳው ወደ ግንባር። በ1916 የድንቹ ምርት ሲበላሽ ሕዝቡ የከብት መኖ የነበረውን ሥር በልቶ ከረመ።

የእኛም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በድሮው ሥርዓት ወታደሩ በየገበሬው ቤት እየተመራ ይቀለብ ነበር። የእህል ጎተራው ተራቁቶ፣ የእርሻ በሬው ታርዶ ሲያበቃ የሚቀጥለው ዓመት ማሳ ጦም ያድራል። የከብት እልቂቱና ክፉ ቀን ከመጡ በኋላ አፄ ምኒልክ ዐሥራት የጣሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ገበሬው ከምርቱ አንድ ዐሥረኛ ይስጥ፣ ወታደሩ ከጎተራ ይቀለብ፣ ቤቱን ይልቀቅለት ብለው። አፈጻጸሙ በየቦታው ቢጓደልም ሐሳቡ ትክክል ነበር።

ከፒያሳ፦ አድዋ ላይስ ምን በሉ?

በአብዛኛው ይዘውት የሄዱትን፦ በሶ፣ ቋንጣ፣ ድርቆሽ። ከየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በፊት ግን በሁለቱም ወገን ስንቅ ወደ ማለቁ ተቃርቦ ነበር።

ከደምቢያ፦ ማዳበሪያ ባይደርሰን ምን እንዝራ?

በዋልካው ላይ ሽምብራ። ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም ላይ፣ መሬቱ ውስጥ በቀረው እርጥበት ይበቅላል፤ ናይትሮጅኑንም ሥሩ ላይ ባሉት እባጮች ከአየር ይይዛል። ስለዚህ ዩሪያ ቢቀር ያን ያህል አይጎዳውም። ውኃ የሚተኛበትን ቦታ ግን ተዉት፤ ሥሩ ይበሰብሳል። ለከርሞ የሚሆነውን ዘር ከአውድማው ላይ ምረጡ፤ ያልተነቀዘውንና ፍሬው የሞላውን ለይታችሁ አድርቁና ለብቻው አስቀምጡ።