ሆድ ስትመረምሪ እጅሽን አታስቀድሚ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ካነበብኩ በኋላ በአጭር መልስ ማለፍ አልሆነልኝም። በቅርቡ ተመርቀሽ ደቡብ ወሎ ደጋ ላይ ባለ ጤና ጣቢያ ተመድበሻል። ከሚሰለፈው ሰው አብዛኛው «ሆዴን»፣ «ወገቤን»፣ «ጉልበቴን»፣ አንዳንዱም «ሁለመናዬን» እያለ ይመጣል። አልትራሳውንድም ራጅም የለሽም፤ ከራስ እስከ እግር ጥፍር የተማርሽውን ምርመራ ለማድረግ ደግሞ ሰልፉ አያስችልሽም። «ምኑን ልተው፣ ምኑን ፈጽሞ አልተው?» ብለሻል። መጀመሪያ በቆላው ጤና ጣቢያ፣ ኋላም ደሴ በቀዶ ሕክምና ክፍል በነርስነት ሳገለግል ያየሁትን ይዤ እመልስልሻለሁ። አቋሜ ይህ ነው፤ ጊዜ ካጠረሽ ከመዳሰሱ ቀንሺ፣ ከማየቱና ከመጠየቁ ግን አትቀንሺ። እጅ የሚያረጋግጠው ዓይንና ጆሮ አስቀድመው የጠረጠሩትን ነው።

ሆዱን ይዞ የሚንፈራገጥ፣ ተኝቶም ተቀምጦም የማይመቸው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቁርጠት የያዘው ነው፤ የኩላሊት ጠጠር ወይም የአንጀት መዘጋት ሊሆን ይችላል። ጉልበቱን አጥፎ፣ ትንፋሹን እየቆጠበ፣ ሳይነቃነቅ የተኛው ግን የሆድ ዕቃው ሽፋን ተቆጥቶ ይሆናል። የጨጓራ ቁስል ወይም አንጀት ተበስቶ፣ አለዚያም ትርፍ አንጀት ፈንድቶ ሊሆን ይችላል። ይህኛው ሰው አይጮኽም። አለመጮኹ ከሚጮኸው ኋላ እንዲያሰልፈው አትፍቀጂ። በእኛ አገር ደግሞ ነገሩን የሚያከብደው ሰው እንዴት ነዎት ሲባል «አልሐምዱሊላህ» ወይም «ተመስገን» ማለቱ ነው። አንጀቱ የተበሳበት አባወራም ይህንኑ ይላል። ያ ምስጋና ነው፤ የሕመሙ መልስ አይደለም። አብሽሩ ካልሽ በኋላ ሕመሙን ለብቻው ጠይቂ።

መንገዳችንም ለምርመራ ያግዝሻል። ባጃጁ ወይም መኪናው ሲንገጫገጭ ሕመሙ ባሰበት ወይ ብለሽ ጠይቂ። በእንግሊዝ አገር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት አለ፤ ትርፍ አንጀት እንደነበረባቸው ከተረጋገጠ 34 ሰዎች 33ቱ መኪናው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሲሻገር ሕመማቸው እንደባሰ ተናግረዋል። ሌላ በሽታ ያለበትንም መንገጫገጭ ስለሚያመው «ባሰብኝ» ያለ ሁሉ ትርፍ አንጀት አለበት ማለት አይደለም። በዚያ ሁሉ ኮረኮንች መጥቶ ምንም ያልተሰማው ሰው ግን ጥርጣሬሽን ሊያቀልልሽ ይገባል። በቃሬዛ የመጣውን ደግሞ ተሸካሚዎቹን ጠይቂ፤ የት ላይ እንደጮኸ እነሱ ያውቃሉ።

ስለ ሕመሙ ስትጠይቂ የት እንደጀመረና አሁን የት እንዳለ ለይተሽ ያዢ። እምብርት ዙሪያ ጀምሮ በሰዓታት ውስጥ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ የወረደ ሕመምና መጀመሪያውኑ እዚያው የጀመረ ሕመም እኩል አይደሉም። በአንድ ጣት ያሳይሽ። «ልቤን» እያለ የጨጓራውን ቦታ የሚያሳይ፣ «ኩላሊቴን» እያለ የወገብ ጡንቻውን የሚይዝ ብዙ ነው። ድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ የመጣው? ይዞ ይለቃል ወይስ አይለቅም? ወደ ትከሻ፣ ወደ ጀርባ፣ ወደ ብሽሽት ይሄዳል? ትውከቱ ከሕመሙ ቀድሞ ነው የመጣው ወይስ ተከትሎ? ጋዝና ሰገራ ከወጣ ስንት ቀን ሆነው? የመጨረሻውን ጥያቄ አደራ። ሆዱ ከበሮ አህሎ፣ ጋዝም ሰገራም ከቆመበት የገጠር አባወራ ጋር ስትገናኚ የአንጀት መታጠፍን አስቢ፤ በአገራችን የትልቁ አንጀት መዘጋት ዋነኛ ምክንያት እርሱ ነው። ከዚህ በኋላ የምትፈልጊው መኪና ነው።

የሕመም መጠን ከዜሮ እስከ አሥር ይባላል። በቁጥር መመለስ ለብዙ አዛውንት አይመችም። አሥር ጣቶቼን አሳያቸዋለሁ፤ ሁሉም ሲታጠፍ ምንም ሕመም የለም፣ ሁሉም ሲዘረጋ ከዚህ የባሰ የለም ማለት ነው። ይህም ካልሆነ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ ይበቃል፤ ዋናው በኋላም በዚያው መለኪያ መጠየቅሽ ነው። መናገር ለማይችል ሕፃን ፊቱን፣ እግሩን፣ እንቅስቃሴውን፣ ለቅሶውንና ሲያባብሉት መርጋቱን እያየሽ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ስጪ፤ ድምሩ ከ10 ነው። ማርጎ ማካፈሪ የተባለች አሜሪካዊት ነርስ እ.ኤ.አ. በ1968 ሕመም ማለት ታማሚው ነው ያለው ነገር ነው፣ አለ ባለ ጊዜም አለ የሚል ሐሳብ አስቀምጣለች። እኔ በዚህ እስማማለሁ። የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ደህና ስለሆነ «አስመሳይ ነው» የሚል ባልደረባ ሲያጋጥምሽ አትከተዪው፤ የቆየ ሕመም ቁጥሮቹን ላይነካቸው ይችላል።

አሁን ወደ ሆዱ። ሽንት ይሸና፣ ጀርባው ላይ ይተኛ፣ ጉልበቱን ይጠፍ። መቀነት ይፈታ፤ በመቀነት ላይ የሚደረግ ዳሰሳ ዋጋ የለውም። ሴት ከሆነች ከወገብ በታች በነጠላዋ ወይም በአንሶላ ሸፍነሽ የሚታየውን ብቻ ግለጪ፤ የተሸማቀቀች ሴት ሆዷን ስለምትወጥር ውጥረቱ በሽታ ይመስልሻል። በደጋው ብርድ እጅሽንም ስቴቶስኮፑንም አሙቂ። ከዚያ ተመልከቺ። የተነፋ ነው? በአንድ ወገን ያበጠ አለ? የቀዶ ሕክምና ጠባሳ አለ? ጠባሳ ያለበት ሆድ ሲነፋና ሲያስመልሰው የአንጀት መጣበቅን ያስጠረጥራል። በጋለ ብረት የመተኮስና የዋግምት ምልክትም ፈልጊ፤ ሕመሙ የት እንደነበረና ምን ያህል እንደቆየ ከታሪኩ ይልቅ እሱ ይነግርሻል። በብረት የተተኮሰውን ሰው አትቆጪው።

ቅደም ተከተሉ መመልከት፣ ማዳመጥ፣ ማንኳኳት፣ በመጨረሻ መዳሰስ ነው። ለሳንባና ለልብ የተማርሽው ማዳመጥን መጨረሻ ላይ የሚያደርግ ነው፤ ሆድ ላይ ግን ቀድመሽ ከነካሽው የአንጀቱ ድምፅ ይለወጣል፣ ሕመሙም ተቀስቅሶ ሆዱ ይወጠርብሻል። የተለመደው ድምፅ በደቂቃ ከ5 እስከ 30 ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ሰልፉ እያየሽ ለሁሉም ረጅም ጊዜ ማዳመጥ አትችዪም፤ «ድምፅ የለም» ብለሽ ልትጽፊ ስትዪ ግን 5 ደቂቃ ሙሉ አዳምጪ። ቀጭን፣ የሚያቃጭል ድምፅ ከቁርጠት ጋር ከመጣ አንጀት መዘጋቱን ጠርጥሪ፤ ድምፁ ሲጠፋ ደግሞ ጉዳዩ ከፍቷል።

ስትዳስሺ ከሚያመው ቦታ ርቀሽ ጀምሪ፣ የሚያመውን መጨረሻ አድርጊው። ዓይንሽ ፊቱ ላይ ይሁን። በጥልቀት ተጭኖ በድንገት የመልቀቅን ምርመራ እኔ አልወደውም፤ ታማሚውን ያሰቃያል፣ ብዙም አይጨምርልሽም። «እስቲ ያስሉ» ማለት ወይም በጣት ቀስ ብሎ ማንኳኳት ያንኑ ይነግርሻል። ልጅ ከሆነ በአንድ እግሩ ይዝለል፤ እየሳቀ የዘለለ ልጅ የተቆጣ ሆድ የለውም። የትርፍ አንጀት ነጥብ ከቀኝ ዳሌ የፊት ጫፍ አጥንት ወደ እምብርት በሚሄደው መስመር ከአጥንቱ ሲሶው ላይ ነው። እንደ ጣውላ የደረቀ ሆድ ካገኘሽ ምርመራውን እዚያው አቁሚ።

በቆላው፣ ቆቦም ሆነ ባቲ፣ ወባ ደጋግሞ የያዘው ሰው ጣፊያ ሊያብጥ ይችላል፤ በቦርከና ዙሪያ እስከ ከሚሴ ደግሞ እንዲሁ ጣፊያ የሚያሳብጥ ቢልሃርዚያ የሚባል የትል በሽታ አለ። ጣፊያን ከግራ ጎድን ሥር መፈለግ ስህተት ነው፤ በጣም ያበጠውን ጠርዝ ታልፊዋለሽ። ከቀኝ ብሽሽት ጀምረሽ ወደ ግራ ጎድን ቀስ እያልሽ ውጪ። ያበጠ ጣፊያ ሊቀደድ ስለሚችል አትጫኚው። ብሽሽትንም ሳታዪ አትላኪ። በታሰረ ቡአ ምክንያት አንጀቱ የተዘጋ ሰው ስለ ብሽሽቱ አፍሮ አይነግርሽም። «ሆዴን» የሚል ጎረምሳም ቆለጡ ተጠምዝዞ ሊሆን ይችላል፤ ለማዳን ያለው ጊዜ 6 ሰዓት ያህል ነው።

በወሊድ ዕድሜ ያለች ሴት ሁሉ ሆዷን ካመማት የእርግዝና ምርመራ ይደረግላት። ያገባች ናት፣ አላገባችም፣ መከላከያ ትወስዳለች፣ ትንሽ ልጅ ናት አትበዪ። የወር አበባዋን ጥያቄ ባሏም አማቷም ሳይሰሙ ለብቻዋ ጠይቂ። ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ሲፈነዳ ደሙ ሆድ ውስጥ ስለሚፈስ የምታዪው የገረጣች፣ ራሷን የሳተች፣ አንዳንዴም ትከሻዋን የሚያማት ሴት ነው።

ስለ ማስታገሻ አንድ ነገር ልበል፤ ይህ ነገር ያበሳጨኛል። «ሐኪም ሳያየው መድኃኒት ከሰጠሽ ምልክቱ ይጠፋል» የሚለው ፍርሃት አሁንም አለ። በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ማስታገሻ መስጠት የምርመራ ስህተት እንደማያበዛ አሳይተዋል። ያገኘሽውን ጽፈሽ፣ መመሪያው በሚፈቅድልሽ መጠን ስጪና በመርፌ ከሆነ ከ30 ደቂቃ፣ በሚዋጥ ከሆነ ከ1 ሰዓት በኋላ መልሰሽ ጠይቂ። ዲክሎፌናክ የተባለውን ማስታገሻ ግን ለሆድ ሕመም ዝም ብለሽ አትውጊ። ጉልበቱን እያመመው ከመድኃኒት ቤት ለወራት ሲገዛ የቆየው አዛውንት ዛሬ በጨጓራ የመጣው በዚያው መድኃኒት ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሆዱን ለታመመ ስለ መገጣጠሚያው፣ መገጣጠሚያውን ለታመመ ስለ ጨጓራውና ስለ ሰገራው ቀለም ጠይቂ።

ለአጥንትና ለመገጣጠሚያ ደግሞ ተመልከቺ፣ ንኪ፣ አንቀሳቅሺ። መጀመሪያ ራሱ ያንቀሳቅስ፣ ከዚያ አንቺ፤ ደህናውንም ወገን እያወዳደርሽ። ለእንቅስቃሴ ከሁሉ የሚሻለው ጥያቄ ስግደት ነው። «ሶላት ቆመው ነው ወይስ ተቀምጠው የሚሰግዱት? ከመቼ ጀምሮ? ግንባርዎ መሬት ይነካል? ውዱእ ሲያደርጉ እግርዎን ያነሳሉ?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ክርስቲያኑንም ስለ ስግደቱ። ጀርባ፣ ዳሌ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት በአንድ መልስ ይወጣሉ፣ ሽማግሌውም ደስ ብሎት ይነግርሻል። የጡንቻን ጉልበት ከ0 እስከ 5 ስትመዝኚ 3 ማለት እግሩን ከአልጋው ማንሳት ቻለ፣ ስትጫኚው ግን ወደቀ ማለት ነው።

የወገብ ሕመም አብዛኛው ከሸክም ነው፤ ማገዶና ጀሪካን የተሸከመ ወገብ ያማል። ሌሊት የሚቀሰቅስ፣ ከላብ፣ ከትኩሳትና ከክብደት መቀነስ ጋር የመጣ ከሆነ ግን የአከርካሪ ቲቢን አስቢ፤ አከርካሪውን አንድ በአንድ በጡጫሽ ቀስ እያልሽ አንኳኪ፣ ጉብታም ፈልጊ። ሽንት የቆመበት፣ መቀመጫው የደነዘዘ፣ ሁለት እግሩ የከዳው ሰው ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። እንዲሁም የልጅ አንድ መገጣጠሚያ ጋለ፣ አበጠ፣ ልጁም በየትኛውም አቅጣጫ አላንቀሳቅስም ካለ መግል ሊሆን ስለሚችል ለነገ አይቆይም። ራጅ ለሌለሽ አንቺ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያግዝ መመዘኛ እ.ኤ.አ. በ1992 ከካናዳ ወጥቷል፤ የቁርጭምጭሚቱ ጉብታ አጥንት የኋላ ጠርዝ እስከ 6 ሴንቲሜትር ድረስ ሲነካ ካመመው፣ ወይም በአደጋው ጊዜም ከአንቺ ዘንድም አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ ራጅ ያስፈልገዋል።

ወጌሻ ያሰረውን እጅ ወይም እግር ስታዪ መጀመሪያ ጣቶቹን ተመልከቺ። ከማሰሪያው በታች አብጠዋል? ቀዝቅዘዋል? ጥፍሩን ተጭነሽ ስትለቂ ቀለሙ በ2 ሴኮንድ ካልተመለሰ፣ ጣቶቹን ስትዘረጊለት ከጮኸ፣ ሕመሙ ከጉዳቱ በላይ ከሆነ የቀርከሃ ማሰሪያውን ወዲያው ፍቺው። የደም ሥር ምት እስኪጠፋ አትጠብቂ፤ ምቱ የሚጠፋው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሥጋው ግን ከ6 ሰዓት ገደማ ጀምሮ መሞት ይጀምራል። በወላጆቹ ፊት ወጌሻውን አትዝለፊው። ወጌሻ በመሄዳቸው የተዋረዱ ወላጆች በሚቀጥለው ጊዜ የሚመጡት ጣቱ ከጠቆረ በኋላ ነው። ከቻልሽ ወጌሻውን ራሱን አግኝተሽ ጣት ማየትን አሳዪው፤ ከእኔ ጋር የሠሩት አንድ አባት ወጌሻ የተጎዱትን ልጆች ራሳቸው ይዘው ይመጡ ነበር።

ግራ የገባሽን ሆድ ወደ ቤት አትስደጂ። አስቀምጪና ከአንድ ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ አንቺው ራስሽ ደግመሽ ንኪው፤ ተረኛ ስትለዋወጡ ለሚቀጥለው ባልደረባ አብራችሁ እየነካችሁ አስረክቢ። ለውጡ ከመጀመሪያው ምርመራ የበለጠ ይናገራል። ስትልኪ ሪፈሩ ላይ «የሆድ ሕመም» ብቻ አትጻፊ። ደሴ ወይም ወልዲያ ላይ የሚቀበለው ሰው የሚፈልገው ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት፣ የት ጀምሮ የት እንደሄደ፣ በመጀመሪያና በሁለተኛ ዳሰሳሽ ምን እንዳገኘሽ፣ የልብ ምትና የደም ግፊቱን፣ የእርግዝና ምርመራውን ውጤት፣ መጨረሻ የበላበትንና ማስታገሻ የወሰደበትን ሰዓት ነው። ሰዓቱን ስትጽፊ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ፣ ቀን ይሁን ሌሊት ለይተሽ ጻፊ፤ 6 ሰዓት የሚያሳስት ወረቀት ማስታገሻውን በእጥፍ ሊያሰጥ ይችላል።