ክሎሪን እያዘገየ ለምን ኦርቶና ፓራ ይልካል?

ወንድሜ፣ «ናይትሮም ክሎሪንም የቤንዚንን ቀለበት ያዳክማሉ፤ ታዲያ ናይትሮ ሜታ ሲልክ ክሎሪን ለምን ኦርቶና ፓራ ይልካል?» ብለህ ጠይቀሃል። (ቤንዚን ስንል ነዳጁን ሳይሆን ባለ ስድስት ካርቦን ቀለበቱን ነው። ቀለበቱ ላይ ካለው ቡድን ቀጥሎ ያለው ቦታ ኦርቶ፣ አንድ ዘሎ ያለው ሜታ፣ ትይዩው ፓራ ይባላል፤ «ይልካል» ማለት አዲስ ገቢውን ወደዚያ ቦታ ይመራል ማለት ነው።) እኔም ሁለተኛ ዓመት እያለሁ እዚሁ ላይ ነው የተያዝኩት። የትኛው ቡድን የት እንደሚልክ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ሸምድጄ ፈተና ገባሁ። ክሎሮቤንዚን ላይ «ለምን?» ሲለኝ የምጽፈው አጣሁ። አሁን ተማሪ ሳስጠና ከሰንጠረዡ አልጀምርም።

መጀመሪያ ሁለቱን ጥያቄዎች ለያቸው። «ምን ያህል ይፈጥናል?» አንድ ነገር ነው፣ «የት ይገባል?» ሌላ።

ፍጥነቱ ቀላል ነው። ኤሌክትሮፋይል (ቀለበቱ ላይ የሚገባው አዲስ ገቢ) የሚፈልገው ኤሌክትሮን ነው፤ ቀለበቱ ኤሌክትሮን ሲጨመርለት ይፈጥናል፣ ሲሳብበት ይዘገያል። በናይትሬሽን (ናይትሮ ቡድን ቀለበቱ ላይ ሲገባ) ቶሉዊን፣ ማለትም ሜቲል ያለው ቤንዚን፣ ከቤንዚን 25 ጊዜ ያህል ይፈጥናል፣ ክሎሮቤንዚን 30 ጊዜ ያህል ይዘገያል። ፌኖልንማ (OH ያለውን ቤንዚን) ላብራቶሪ ውስጥ በዓይኔ አይቻለሁ። የብሮሚን ውሃ ጠብ ሳደርግበት ቀለሙ ወዲያው ጠፋ፣ ነጭ ዝቃጭ ሆነ። ሦስት ብሮሚን ያለ ምንም ካታሊስት! ቤንዚን ግን አንዱን ለመቀበል እንኳ እንደ ፌሪክ ብሮማይድ ያለ ካታሊስት ይፈልጋል።

«የት?» ለሚለው ወረቀት አውጣ። ኤሌክትሮፋይሉ ከገባ በኋላ የሚፈጠረውን ካርቦካቲዮን (ፖዘቲቭ ቻርጅ ካርቦን ላይ ያለበትን መካከለኛ) ሣል። ኦርቶ ወይም ፓራ ከገባ፣ ከሦስቱ የሬዞናንስ ሥዕሎች (አቶሞቹ ሳይነኩ የኤሌክትሮኖቹ ቦታ ብቻ ከሚለያይባቸው) በአንዱ ፖዘቲቭ ቻርጁ ክሎሪኑን የያዘው ካርቦን ላይ ያርፋል። ሜታ ከገባ ግን እዚያ ፈጽሞ አይደርስም። ክሎሪን በቦንድ ያልተያዙ የኤሌክትሮን ጥንዶች አሉት፤ ቻርጁ አጠገቡ ሲመጣ አንዱን ጥንድ ያካፍላል፣ አራተኛ ሥዕል ይገኛል። ናይትሮ የሚያካፍለው የለውም። ናይትሮጅኑ ራሱ ፖዘቲቭ ስለሆነ ሁለት ፖዘቲቭ ጎን ለጎን ይፋጠጣሉ። ስለዚህ ጉዳቱ የሚቀንስበት ሜታ ይመረጣል፤ ናይትሮቤንዚን ላይ ከ90 በመቶ በላይ ምርቱ ሜታ ነው።

ታዲያ ክሎሪን ሰጪ ከሆነ ለምን ያዘግያል? የሚስበው ከሚሰጠው ስለሚበልጥ ነው። ኤሌክትሮኔጋቲቭ ነው (ኤሌክትሮን ወደ ራሱ አጥብቆ ይስባል)፤ ጥንዱ ያለበት 3p ኦርቢታል (ኤሌክትሮኖቹ የሚገኙበት ክልል) ደግሞ ከካርቦኑ 2p ጋር በመጠን አይመጣጠንም፣ ስለዚህ አሰጣጡ ደካማ ነው። የፌኖል ኦክስጅን ጥንድ 2p ላይ ስላለ በደንብ ይገጥማል።

ቀጥለህ አኒሊንን (አሚን፣ ማለትም NH2፣ ያለውን ቤንዚን) በናይትሪክና በሰልፈሪክ አሲድ ቅልቅል በወረቀት ሥራው። አሚኑ ፕሮቶን ሲይዝ ጥንዱ ምን እንደሚሆን እይ። ግማሽ የሚጠጋው ምርት ሜታ የሚሆነው በዚያ ነው። ሥዕልህን እዚህ ለጥፈው፣ አየዋለሁ።